ክዳኑን ያላላ እጅ

በዚያ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። የመጋዝ ማሽኑን ጥርስ ለመጥረግም ሆነ ለመቀየር እጁን የሚያስገባ ሰው፣ አስቀድሞ የማሽኑን ቁልፍ ይነቅልና በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሠራተኞቹ፣ «ቁልፉ አንገትህ ላይ ከሆነ ጣቶችህ የራስህ ናቸው» ይላሉ። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የመጣውን ሰው ደግሞ፣ «ማታ ቤት ስትገባ ቁልፉን አንገትህ ላይ አድርግ» እያሉ ያሾፉበታል።

ቁልፉ አንገቱ ላይ እያለ ሁለት ጣቶቹን ያጣ አንድ ሰው ግን አለ። ይህ ሰው ቅርጽ አውጪ ነበር። አልጋ ራስጌ ላይ የፈለፈለውን የወይን ዘለላ ያየ ሁሉ ፍሬውን ልቁረጥ ልቁረጥ ይለው ነበር። ስለዚህም እጀ ወርቅ አሉት፣ እውነተኛ ስሙም ተረሳ። ጣቶቹ ከሄዱ በኋላም ይህን ስም የቀየረለት የለም፤ አፍ ለምዶታል። እሱን ግን በተጠራ ቁጥር የተሰደበ ያህል ይቆረቁረዋል። የግራ እጅ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከሌሉ መሮን ማን አጥብቆ ይይዛል? አሁን ሥራው ሌሎች የሠሩትን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት ብቻ ነው።

ያን ዕለት የመጋዙን ጥርስ ሲጠርግ ማሽኑን ያስነሳበት ባዕድ አይደለም። የገዛ ታናሽ እህቱ ባል ነው። አማቹ በመጋዙ ላይ ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠጥቶ ገባ፤ ቁልፉን በቦታው አጣው፤ የት ሄደ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ትርፉን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥቶ አዞረው። የሆነው ይኸው ነው። አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ሰጋቱራው ቀላ።

አማቹ ከሥራ ተባረረ። ከዚያ በኋላማ ለይቶለት ጠጣ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ሁለት ጊዜ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። «ሦስተኛ ከወጣሁ ግን መመለሻ የለኝም» ስትልም ሁሉም ሰማት። በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ። ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ጠብታ አልቀመሰም፤ በየማክሰኞውም ክሊኒክ እየሄደ ይታያል።

ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የድርጅቱ ባለቤት ይህን ሲያዩ መለሱት። ስድስት ወር ሰጋቱራ አስጠረጉት። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስበው የመጋዙን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ሰውዬው ታሞ ነበር፣ አሁን ድኗል» አሉ።

«ድኛለሁ አልልም እትዬ፤ እየታከምኩ ነው» አለ አማቹ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

እጀ ወርቅ የቫርኒሽ ብሩሹን አስቀመጠና ሳቀ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጉንፋን በሽታ ነው። ሳንባ ነቀርሳም በሽታ ነው። ለመሆኑ ከኪሱ አውጥቶ፣ ሱቅ በር ላይ ተጋፍቶ ነቀርሳ የገዛ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም።

«ባለቤቴን ታስታውሱታላችሁ» አሉ። «ልጁን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ከነገ ጀምሮ አልጠጣም ብሎ ይምልላት ነበር። ሲምል ከልቡ ነው፤ እኔ ውሸታም ሰው አላገባሁም። እንደማለ ሞተ። ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁን ይመርጥ ነበር።»

«ይህማ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው!» አለ እጀ ወርቅ፣ እጁን ከፍ አድርጎ። «ማን ይዞት ነው? አፉን ፈልቅቆ ያጠጣው ማን ነው? የጠጣበት እጅ የራሱ ነው፤ የተቆረጠው ግን የኔ ነው!»

«ልክ ነህ ጋሼ» አለ አማቹ።

ከዚያ ሌላ አልተናገረም። እጀ ወርቅን ከሁሉ በላይ ያነደደው ይህ ነው። ቢመልስለት፣ ቢከራከረው፣ ቢሳደብ እንኳ በተሻለው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ አልረሳም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው መጠጡን በገዛ ፈቃዱ ሲያነሳ ዓለም ሁሉ ይይለት። ያኔ ጣቶቹን የቆረጠው በሽታ ሳይሆን ሰው መሆኑ ይረጋገጣል።

«ምርጫ ነው ካልን እንግዲህ ይምረጣ!» አለ ለራሱ።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባ። አማቹ ድሮ ይወደው ከነበረው ጠንካራ መጠጥ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ነበር። የአማቹን የዕቃ ቁም ሳጥን ከፈተና ጠርሙሱን ከኮላው ቆርቆሮ ጀርባ አስቀመጠው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ተመለሰ። በግራ እጁ ጠርሙሱን ያዘ፣ በቀኙ ክዳኑን አላላው፤ ሽታው እንዲወጣ።

ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ ገብቶ አየ። ከጠርሙሱ የጎደለ ነገር የለም። ክዳኑ ግን ጠብቋል።

ዓርብ ጠዋት እንደገና አላላው፤ ማታ እንደገና ጠብቆ አገኘው። ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ ደህና አደርክ ደህና ዋልክ ይባባላሉ፤ አንዱ ያላላውን ሌላው ያጠብቃል። አማቹ ፊቱ እየገረጣ ሄደ። በየሩብ ሰዓቱ ውኃ ይጠጣል፤ ዕቃ ሊያወጣ ቁም ሳጥኑ ዘንድ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ቆም ይላል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ የፈለገውን መንትፎ በሩን ይዘጋል።

ሰኞ በምሳ ሰዓት እህቱ በድርጅቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ምን ተፈጥሮ ነው? ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሎታል። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። ምን ሆንክ ስለው፣ ደህና ነኝ ይላል። እንደ ድሮው እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።»

«እኔ ምን አውቄ? ባልሽ ነው፣ አንቺ ጠይቂው።»

«እባክህን፣ አንተ ከጎኑ ነህ። ዓይንህን ጣል አድርግበት።»

«አደርጋለሁ» አላት። «ከዓይኔ መች ጠፍቶ ያውቃል!»

አመስግናው ሄደች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እጀ ወርቅ ደስ አለው። ያን ቀን ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ። ማክሰኞ አማቹ ከክሊኒክ ቀና ብሎ ሲመለስ ያየው ጊዜ ግን ደስታው ረገፈ። ክዳኑ ያን ማታም ጠብቆ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ትዕግሥቱ አለቀ። የመጋዙ ሠራተኛ አቧራው እንዳይገባበት አፍንጫውን በጨርቅ ያስራል። የአማቹ ጨርቅ ሁልጊዜ ከማሽኑ ጎን ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። እጀ ወርቅ ጨርቁን አወረደ፣ ከጠርሙሱ ጠብ ጠብ አደረገበት፣ መልሶ ሰቀለው። ይህን ያደረገው በሰከነ ልብ ነው። አልሰከረም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ማንም አላስገደደውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አማቹ ገባ፣ ጨርቁን አሰረ፣ ደንግጦ ፈታው። ዘወር ዘወር ብሎ አየ። ሌላ ጨርቅ የለም፤ ሥራው ደግሞ ተከምሯል። መልሶ አሰረው። እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ ጣውላ ሲሰነጥቅ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያንኑ ሽታ ሲስብ ቆየ።

በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ወደ ግቢው ሲወጣ አማቹ አልወጣም። እጀ ወርቅ ብርጭቆውን እንደያዘ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ሮጦ የቢሮውን በር አንኳኳ።

«እትዬ ይምጡ! በሽተኛዎን ይምጡና ይዩት!»

እትዬ መጡ፣ ሠራተኛውም ግልብጥ ብሎ ተከተለ። ሰውዬው ከጣውላው ክምር ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጨርቁ ጉልበቱ ላይ፣ ጠርሙሱ እግሩ ሥር ነው፤ ግማሹ የለም። ዕንባው በአቧራው ላይ መንገድ አውጥቶ ይወርዳል።

«ይህን እዚህ ያመጣው ማን ነው?» አሉ እትዬ።

እጀ ወርቅ ከሰው ጀርባ ሸሸት አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አማቹ።

«መጠጥ ይዞ የገባ ሰው ዕጣው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

እትዬ ሻርባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «በል ዕቃህን ሰብስብ» አሉና ለሚስቱ ሊደውሉላት ወደ ቢሮ ተመለሱ። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ ተበተነ። አንዱ፣ «እጀ ወርቅ ልክ ነበር፤ ምርጫ ነው» ሲል ተሰማ።

ሁሉ ነገር እሱ እንዳሰበው ሆነ። አሁን የቀረው ሽርጡን ሰቅሎ ድሉን እያጣጣመ ሻዩን መጨረስ ነው። ወደ ራሱ ሚስማር ሄደ። ሽርጡን ሊሰቅል እጁን ሲያነሳ ግን ሚስማሩ ባዶ አልነበረም። ሁለት ቁልፎች በአንድ ክር ታስረው ተንጠልጥለዋል፤ የመጋዙ ቁልፍ እና ከመሳቢያ የወጣው ትርፉ።

ቁልፎቹን ይዞ ወደ ጣውላው ክምር ተመለሰ።

«እነዚህን እኔ ጋ የሰቀልክ አንተ ነህ?»

አማቹ ምላሱ መተሳሰር ጀምሯል። «ከመጠጣቴ በፊት ነው ጋሼ። እግሬ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲሄድ ይታወቀኛል፤ መመለስ አቃተኝ። ልጠጣ መሆኑ ሲገባኝ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ሁለቱንም ቁልፍ አወጣሁ። እጄ ላይ ካሉ ጠጥቼ ወደ ማሽኑ ልመለስ እችላለሁ። ሌላ ሰው ዘንድ ባስቀምጣቸው ለምኜ ልቀበለው እችላለሁ። አንተ ግን ብሞት አትሰጠኝም።»

እጀ ወርቅ ቁልፎቹን ጨበጣቸው። «ለምን ያኔውኑ አልደፋኸውም? አምስት ቀን ሙሉ!» አለ።

«ለመድፋት እስከ ቧንቧው ይዤው መሄድ ነበረብኝ። ሃያ እርምጃ ነው። አልቻልኩም። ክዳኑን የማጠብቀው እንኳ ባዶ እጄ እንዳይነካው በጨርቅ ይዤ ነው።»

«እሺ፣ ለእትዬ አትነግርም ነበር?»

አማቹ ጠርሙሱን በጣቱ አዞረው። የጠርሙሱ ወረቀት ላይ የደረቀ የቫርኒሽ የእጅ አሻራ አለ፤ አንድ አውራ ጣት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሁለት ጣት።

«የሌሉትን ጣቶች አወቅኳቸው» አለ። «የኔ ሥራ ናቸው። ምን ብዬ ልክሰስህ?»

ተረቱ፣ የወጋ ይረሳል ባይ ነው። ይህኛው ወጊ ለካ አንድም ቀን አልረሳም። እጀ ወርቅ ጣውላው ላይ ተደግፎ ቆመ። አምስት ቀን ሙሉ፣ ይመርጥ እንደሆነ አያለሁ ብሎ የሸመቀበት ሰው አምስት ቀን ሙሉ መርጧል፤ በወደቀባት ደቂቃ እንኳ የሌላውን ሰው ጣት መርጧል። እሱ ራሱስ? በየጠዋቱ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ በጤናው፣ በሙሉ ልቡናው ክዳን ሊያላላ ይሄዳል። ያፈረው ያን ጊዜ ነው፤ እፍረቱም እስከ ጆሮው አቃጠለው።

እህቱ በሩጫ ስትገባ እሱ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሠራተኛው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«እትዬ፣ ጠርሙሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክዳኑን በየጠዋቱ እያላላሁ አምስት ቀን ጠበቅኩት። ዛሬ ደግሞ አፍንጫው ላይ አሰርኩለት።»

እህቱ ቀስ ብላ ቀረበችውና ያችኑ ጎዶሎ እጁን አንስታ አየቻት፤ ስታጥባት፣ ስትጠቀልላት፣ ስታለቅስባት የነበረችውን እጅ።

«ዓይንህን ጣል አድርግበት ብዬህ ነበር» አለችው። እጁን ለቀቀችና ባሏን ልታነሳ ሄደች።

«እሱን ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ እንወስደዋለን» አሉ እትዬ። «ሐኪሙ ምን እንደሚሰጠው ያውቃል። አንተን ግን ወዴት ልውሰድህ? ላንተ የሚሆን ሆስፒታል የት ነው ያለው?»

ሱስ በሽታ ነው ወይስ ምርጫ? የተማሩት ይከራከሩበት። እዚያ ድርጅት ውስጥ ያየነው፣ በሽታ የያዘው ሰው በየቀኑ ሲመርጥ፣ ሲያቅተው ሲወድቅ፣ እንደገና ሲነሳ ነው። ወገኖቼ፣ ከሱስ ጋር የሚታገል ሰው በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ አለ። «ወንድ ከሆነ ይቻለው» እያላችሁ ፊቱ አትጠጡ፤ «አንዲት ብቻ ምን ታደርግሃለች» አትበሉት፤ ቂም ካላችሁም ቂማችሁን በአፋችሁ ንገሩት እንጂ በጠርሙስ አትላኩበት። እሱ የሚያጠብቀውን አታላሉበት።

አማቹ እንደገና ከአንድ ብሎ ቀኑን መቁጠር ጀምሯል። እትዬ መልሰው ሰጋቱራ ጠራጊ አድርገውታል። እጀ ወርቅም ከጎኑ መጥረጊያ ይዞ ይጠርጋል፤ የተፈረደበት ይኸው ነው። በየማክሰኞው ወደ ክሊኒኩ አብሮት ይሄዳል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ እስከ ቤቱ በር ያደርሰዋል። እህቱ በሩን ትከፍታለች፣ ባሏን ታስገባለች። ወንድሟን ግን እስከ ዛሬ ግባ አላለችውም። እሱም ግባ በይኝ አላላትም፤ ደህና እደሩ ብሎ ይመለሳል።