ሙድ አላት

የልብስ ስፌት ቤቱ ቆራጭ ስለ ቁልፍ ሰፊዋ የተናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ መቀሱን ከጨርቁ ሳያነሳ፣ «ሙድ አላት» አለ። ወሬው በአምስት ሰፊዎች አፍ አልፎ እሷ ዘንድ ሲደርስ ግን «ሙድ ያዘብሽ» ሆኖ ነበር።

ሙድ አላት ማለት ለዛ አላት፣ ታምራለች ነው። ሙድ ያዘባት ማለት ደግሞ አላገጠባት።

ይበልጥ ያንገበገባት፣ ከወንድ ሁሉ ሰረቅ አድርጋ ታይ የነበረው እሱን ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታውን አልመለሰችም። የቆረጠውን ሸሚዝ ጠማማ ነው ብላ ሦስት ጊዜ መለሰችበት። በዚህም ንዴቷ አልበርድ ሲላት ወደ ሌላው ቅርንጫፍ እንድትዛወር አሠሪያቸውን ለመነች፤ ከሰኞ ጀምሮ ተፈቀደላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቆራጩ ላብ እያጠመቀው መጣ። ወሬው ተጣሞ እንደደረሳት ሰምቶ መዝገበ ቃላት አገላብጦ ነበር። ቃሉ የፈረንጅ መሆኑን፣ እዚያው በአገሩ ስሜት ማለት እንደሆነ፣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ለዛም ፌዝም እንደሆነ ዘርዝሮ አስረዳት።

«እና ስሜት አላት ነው ያልከው?» አለችው። «ድሮስ ድንጋይ መስዬህ ነበር?»

«እሱን ማለቴ…»

«ከእኔ ጋር አትድከም። ወንድሜ ይፈልግሃል፤ ለእሱ አስረዳው።»

ወንድሟ ጎሚስታ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር፣ አመሉ ከእጁ የባሰ። አጥንቱን እሰብረዋለሁ ብሎ መማሉን ቆራጩም ሰምቷል። ይቀራል ብላ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ጎሚስታ ቤቱ መጣ። እሷ ከተከመሩት ጎማዎች ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

ቆራጩ ከፈረንጅ አገር ጀመረ። ገና ባሕሩን ሳይሻገር ጎሚስታው የጎማ መፍቻውን እንደያዘ አቋረጠው።

«ስማ፣ እኔ ፈረንጅ አላውቅም። እህቴን ምን አልካት?»

የቆራጩ ጆሮ ቀላ። መፍቻውን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ወድጃታለሁ» አለ።

ጎሚስታው መፍቻውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወደ ጎማዎቹ ዞሮ፣ «ሰማሽ?» አለ።

ፊቷን እንዳኮሳተረች ወጣች።

«ይህችን ለማለት ነው ባሕር የተሻገርከው?»

ሰኞ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ሄደች። ከሥራ ስትወጣ ቆራጩን በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ሰላም አላለችውም፤ ቦርሳዋን ግን አሸከመችው።