የሺሞኩራ ጅረት ፍርግርግ

የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር አዛውንቱ ኢዋኪሪ፣ ጅረቱ ቱቦ ውስጥ ከሚገባበት የብረት ፍርግርግ ሥር ሞተው ሲገኙ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የወንዞች ክፍል ሠራተኛ ናጋሴ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ በሆዱ። ሽማግሌው «ፍርግርጉ በቅርንጫፍ ተደፍኗል፣ ሰው ላኩልን» እያሉ ሲደውሉ፣ እሱ «ጽዳቱ የነዋሪው ነው» እያለ ሲሸኛቸው ነበር የከረመው።

«ትናንት አመሻሽ ጎርፉ ሲመጣ መንሹን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ» አሉ ባለቤታቸው።

የፖሊስ ኢንስፔክተር ሃታናካ አስከሬኑንና በቅርንጫፍ የተደፈነውን ፍርግርግ አይታ ስታበቃ ናጋሴን አስከትላ ወደ ማኅበሩ ዕቃ ቤት ገባች። የኢዋኪሪ ስም የተጻፈበት ባለ ረጅም እጀታ መንሽ ታጥቦ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጥርሶቹ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ከቦታው ተሰቅሏል።

«አቶ ናጋሴ፣ እዚህ ገብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለ ናጋሴ። ይህም ሌላ እፍረት ሆነበት።

በላይኛው ሰፈር ሩዝ አምራቿ ወይዘሮ ኡሱይ ከቤቷ ጭቃ ትዝቃለች። ናጋሴን ስታይ ባልዲዋን ወረወረች።

«ዛሬ መጣህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጋሽ ኢዋኪሪ ሲለምኑህ የት ነበርክ?»

«እርስዎስ ትናንት ወጥተው ነበር?» አለቻት ሃታናካ።

«በየት በኩል? ውኃው በሩን ዘግቶብኝ ጣራ ላይ ነበርኩ!»

ከቱቦው በታች ያለው የመጠጥ ነጋዴው የቶቢታ ሱቅ ግን ደረቅ ነበር።

«እኔ ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም» አለ ሻይ እየቀዳላቸው። «ምስኪን ሽማግሌ! ግማሹን አጽድተውት ነበር እኮ።»

ሃታናካ ሻይዋን ሳትነካ ተነሣች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በማኅበሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«የሞተ ሰው መንሹን አጥቦ አይሰቅልም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ አብሯቸው ሰው ነበር። የውጭ ሰው ቢሆን እዚያው ጅረቱ ውስጥ ይጥለው ነበር። ይህ ሰው ግን በጽዳት ቀን እንደለመደው አጠበ፣ ጥርሱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ሰቀለ። በድንጋጤ መሐል እጁ የለመደውን ሠራ። የሰፈሩ ሰው ነው።»

ናጋሴ እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም ራሱን ታዘበ።

«ፍርግርጉ ሲደፈን የሚጥለቀለቀው የላይኛው ሰፈር ነው። ወይዘሮ ኡሱይ እንዲጸዳ ነው የሚፈልጉት። ሲጸዳ ውኃው የሚወርደው ወደ እርስዎ ሱቅ ነው፣ አቶ ቶቢታ። ጠዋት ስንደርስ ጎርፉ ባመጣው ቅርንጫፍ ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር። ግማሹ ጸድቶ እንደነበር እንዴት አወቁ?»

ቶቢታ አንገቱን ደፋ። «አልገፋኋቸውም። ተዉ ብላቸው እምቢ አሉኝ። መንሹን ስቀማቸው ተንሸራተው ገቡ።»

«መንሹ በእጅዎ ነበር። ለምን አልዘረጉላቸውም?»

ቶቢታ ወደ ሱቁ አቅጣጫ ዞረ።

«ከወጡ ማጽዳታቸውን ይቀጥላሉ… ሱቄ…» አለ።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ናጋሴ ሃታናካን ተጠጋት። «እኔስ?»

«እርስዎን የሚጠይቅ ሕግ የለኝም» አለችው።

ናጋሴ ጫማውን ለማጥለቅ ወደ በሩ ሲያመራ የኢዋኪሪ ባለቤት ከፊቱ ቆሙና እጅግ ዝቅ ብለው እጅ ነሱት።

«ባለቤቴ በስልክ ሲያስቸግርዎት ከረመ። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ናጋሴ እግራቸው ሥር ተደፋ።

«እማማ፣ እባክዎ ይርገሙኝ!» አለ።