የአሥራ ሁለት ተኩሉ ጥሪ

ሽማግሌው የተገኙት ፊታቸውን ገሚሱን ተላጭተው፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው ነው። በግራ ጉንጫቸው ሳሙናው ደርቋል። ጠረጴዛቸው ላይ አንዴ ብቻ የተገመጠ ዳቦ ነበር። አንገታቸው ላይ ያለችው ትንሿ የልብ መሣሪያ የድርሻዋን ተወጥታለች፤ ልባቸው ሲዛባ ለድርጅቱ ጥሪ ልካለች። ጥሪውን ግን ማንም አላነሳም።

ድርጅቱ የልብ ሕሙማንን ከየቤታቸው በሩቁ ይከታተላል። ከመሣሪያው ጥሪ ሲመጣ፣ ኮምፒውተሮቹ ለተረኛዋ ነርስ እስከ አራት ጊዜ ይደውሉላታል፤ ስታነሳ ድምፅዋ በመሣሪያው በኩል ለሕመምተኛው ይሰማል።

«መዝገቡ ግልጽ ነው» አለ የድርጅቱ አለቃ። «ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አራቴ ተደውሏል። ተረኛዋ የሌሊቷ ነርስ ነበረች። አላነሳችም።»

«ማሽኑ አይሳሳትም ነው የሚሉኝ?» አለች መርማሪዋ። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር የቀራት፣ ከመናገር መስማት የሚቀናት ሴት ናት።

«የሚሳሳት ሰው ነው።»

የሌሊቷ ነርስ በሥራ ቸልተኝነት ልትከሰስ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ የሙያ ፈቃዷ ከተነጠቀ ደግሞ ሌላ እንጀራ የላትም።

«ስልኬ ከእጄ አልወጣም» አለች። «አልጮኸም። ሁለት ሰዓት ላይ ተራዬን አስረክቤ ቤቴ ገባሁ፣ አጥፍቼው ተኛሁ። ጥሪው ስልኬ ላይ የለም ብላቸው ሰርዘሽው ነው አሉኝ። አንቀላፋሁ ብል እንኳ ያዝኑልኝ ነበር። እውነቱን ተናግሬ ነው ውሸታም የሆንኩት።»

የስልክ መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ጠይቋል፤ ዓቃቤ ሕጉ ግን አይጠብቅም።

የቀኗ ነርስ የብዕሯን ጫፍ እያኘከች መለሰች። «እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ጭጭ። ይልቅ የገረመኝ የዋዜማው ማታ ነው። ቤቴ ገብቼ ራት ልበላ ስቀርብ ኮምፒውተሩ ደወለልኝ። የአንዲት እናት መሣሪያ ተነቅሎ ኖሯል፣ በስልክ ነግሬያት አስተካከለችው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሁለት ተኩል ገደማ።»

«ተራሽ አልቆ የለ? ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አዲስ ፕሮግራም ሲገባ መቀባጠሩ አይቀርም ብዬ።» ብዕሩን ከአፏ አወጣች። «መናገር ነበረብኝ አይደል?»

የቀረው የፕሮግራሙ ባለሙያ ነው። የሟች ልጅም ነው። ዐይኖቹ ቀልተው ነበር፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ድምፁ ቀና አለ።

«ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ዕቃ ጋር ኮንቴይነር በምንለው ጥቅል ውስጥ ነው የሚሠራው። የድሮው ጥቅል ስምንት መቶ ሜጋባይት ነበር። ትርፍ ዕቃ ለሌባ መሰላል ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ አራገፍኩት። አሥራ ስድስት አደረስኩትና በአሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ባንዴ ዘረጋሁት። አባቴ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው።»

«ሞክረኸዋል?»

«እንዴታ። በቀትር፣ ስድስት ሰዓት ላይ። በትክክል ለቀኗ ነርስ ደወለ።»

«እስቲ ውስጡ ግባና አሁን ስንት ሰዓት ነው ብለህ ጠይቅልኝ።»

«አይገባበትም። ትእዛዝ መቀበያውንም አውጥቼዋለሁ። ሌባ ቢገባ የሚጨብጠው እንዳያገኝ።»

«ባለቤቱስ ሲቸግረው?»

መርማሪዋ ተነሥታ ለሟች በየጠዋቱ ዳቦ ወደሚያደርሰው ዳቦ ቤት ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራቱንም በአንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሟችን የልብ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዳቦው ከሟች ደጅ የደረሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አለች። «ገምጠውታል፣ መላጨትም ጀምረዋል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደህና ነበሩ።»

«ታዲያ መዝገቡ?» አለ አለቃው።

«መዝገቡ የጻፈው የራሱን ሰዓት ነው።» ወደ ልጁ ዞረች። «ጥቅልህ የአገራችንን ሰዓት የሚያውቀው በምንድን ነው?»

«የሰዓት ቀጠና የሚባል ፋይል አለ...» የልጁ ፊት ዐመድ መሰለ። «አውጥቼዋለሁ። ትርፍ መስሎኝ። እሱን ሲያጣ አይጮህም፣ የዓለሙን መነሻ ሰዓት ይይዛል። ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ።»

«በቀትር ስትሞክረው ለእሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ያም ቀን ይህም ቀን፣ ስለዚህ ስሕተቱ አልታየህም። ማታ ሁለት ተኩል ላይ ግን ገና አሥራ አንድ ተኩል መስሎት፣ ቤቷ የገባችውን የቀኗን ነርስ ጠራ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሦስት ተኩል ላይ፣ ለእሱ ገና አሥራ ሁለት ተኩል ነበርና...» ቀሪውን ራሳቸው እንዲያዩት የመሣሪያዋን የጥሪ ቁልፍ ተጫነች።

ሁሉም የቀኗን ነርስ ስልክ አዩ። የጮኸው ግን የሌሊቷ ነርስ ቦርሳ ነው።

የሌሊቷ ነርስ ነጻ መሆኗ ገብቷታል፤ ደስታው ግን አልመጣላትም። አለቃው አንገቱን ደፋ። ዕቃው ሁሉ ይራገፍ ብሎ ያዘዘው እሱ ነበር።

«እሰሩኝ» አለ ልጁ።

«በምን ልሰርህ ልጄ? ያወጣኸው አንድ ፋይል ነው። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ የለኝም።»

ስልኩ ሁለተኛ ጮኸ።

«አንተ፣ ዝም አሰኘው» አለ አለቃው።

«አልችልም። መግቢያ የለውም ብያለሁ እኮ። እስኪነሳ ወይም አራቴ እስኪሞላ ይጮኻል።»

ሦስተኛ ጮኸ። አራተኛው ላይ የሌሊቷ ነርስ ከቦርሳዋ አወጣችው። የሽማግሌው ስም ይበራል። እጇ እንደለመደው አነሳው፣ አፏም እንደለመደው ተናገረ።

«አቤት አባባ፣ እኔ ነኝ። አይዞዎት፣ መጣንልዎት።»

ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ፣ ከትንሿ መሣሪያ ውስጥ ተመልሶ ወጣ። ልጁ መሣሪያዋን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋት።

«አባባ?» አለች ነርሷ እንደገና፣ ማቆም አቅቷት።