ለእግሬ የመጡ ሽማግሌዎች

የኔሰውን መጀመሪያ ያየሁት አቧራ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከበላዬ ጎንበስ ብሎ፣ «እህቴ፣ በማርያም፣ ተናገሪ እንጂ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅኩት ስለ ሞተሬ ነበር።

«ሞተሬስ?»

«ሞተሩን ተይው! እግርሽ...» አለ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ እግሬን አየሁት። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ብቸና ላይ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ። ገበያ በዋለ ቁጥር መድኃኒቴን ከኋላ ጭኜ በሞተር እወጣለሁ። «የወልደ ኪዳን ልጅ እንደ ወንድ ተፈናጣ ትሄዳለች» ያላለ የብቸና ሰው የለም፤ ላሙ ስትታመምበት ግን ደጄ ላይ የሚቆመው ያው ሰው ነው። ያን ቀን ከደብረ ወርቅ ስመለስ መታጠፊያው ላይ እህል የጫነ አይሱዙ መስመሩን ለቆ ፊት ለፊቴ መጣ። የሚነዳው የኔሰው ነበር፤ የሞጣ ልጅ ነው፣ መኪናው የአጎቱ ነው።

ሌላ ሾፌር ቢሆን ጥሎኝ ይሄድ ነበር። እሱ አቅፎ ጋቢና አስገባኝና «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው» እያለ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ደግነቱ ግን ጉድ ሠራኝ። የትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ መኪናው ከቦታው ተነሥቷል፣ ሞተሬም ተነሥቷል። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ማን መስመር እንደለቀቀ ለመናገር ከእኔና ከእሱ ቃል በቀር ምንም አልቀረም።

ሐኪሞቹ ኦፕራሲዮን አሉ። አባቴ «የልጄን እግር በቢላ አላስነካም» አለና ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ተጣሞ ገጠመ። ቀኝ እግሬ ነው፤ ሞተር ረግጦ የሚያስነሣው እግር። አሁን ባሕር ዳር ሄዶ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ የአባቴ በሬዎች ተሽጠው እንኳ አይበቁም። ተስፋዬ ሁሉ የዚያ አይሱዙ መድን ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የሾፌሩ ከሆነ መድኑ ይከፍላል፤ የእኔ ነው ከተባለ እንደተጣመምኩ እኖራለሁ።

አባቴ ሞጣ ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ የመድን ቢሮው ሠራተኛ አንድ ነገር አስጠነቀቀው። በሽምግልና ታርቃችሁ የእርቅ ወረቀት ከፈረማችሁ ከእኛ ምንም አትጠብቁ አለው። አባቴ ይህችን ቃል እንደ ዳዊት በቃሉ ያዛት።

የኔሰው በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ብርቱካን ይዞ ይገባና በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል።

«ያምሻል?»

«ስትጠይቀኝ ያመኛል።»

«እንግዲያስ አልጠይቅሽም። ዝም ብዬ ልቀመጥ።»

እውነትም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀና ስል ዓይኑን ከእግሬ ላይ አገኘዋለሁ፤ እንዳየሁት ሲያውቅ ወደ ደጅ ይመልሰዋል። ብርቱካኑን ልጦ ሲሰጠኝ ጣቱ ጣቴን እንዳይነካ የሚያደርገው ጥንቃቄ ያስቀኝ ነበር። ወደድኩት። ሰባሪዬን ወደድኩት፤ ምን ይደረግ?

አባቴ ግን ብርቱካኑን እንኳ አይበላም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። «ልጁ የሚመላለሰው ቃሉን ሲያጥፍ ሆድሽ እንዳይጨክንበት ነው።»

ሁለታችንም መድን ቢሮ ተጠርተን ቃላችንን የምንሰጥበት ቀን ሲቀርብ ጨንቆኝ ጠየቅኩት።

«ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?»

ብርቱካኑን መላጡን አቆመ። «አጎቴ ጥፋቱን እንዳላምን ይፈልጋል፤ ያሳደገኝ ሰው ነው» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«አውቃለሁ» አለና ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አጥራችን በር ላይ ቆሙ። ፊት የቆሙት የሞጣው መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። የቅኔ መምህር ስለሆኑ ነገር ከሩቅ ካልጀመሩ አይሆንላቸውም። እኔ ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያለሁ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ወልደ ኪዳን» አሉ። «የመጣነው ከልጃችን ከየኔሰው ዘንድ ነው፤ ጉዳያችንም ልጅዎ ናት። እንግዲህ መንገድ ሰውን ከሰው ያጋጫል። አምላክ ግን የተሰበረውን...»

«የተሰበረውን ሐኪም ይጠግነዋል!» አለ አባቴ።

«ይታገሡን እንጂ፣ ገና ነገራችንን...»

«ነገራችሁ ገብቶኛል፣ መሪጌታ። ልጄ በሕግ ይዛዋለች። ሕጉ ሳያልቅ ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም። ስለ አምላክ ብላችሁ ተመለሱ።»

ቁጭ በሉ ሳይላቸው በሩን ዘጋው። እንደ መሪጌታ ያለ ሰው ደግሞ በተዘጋ በር ላይ ጉዳዩን አይጮኽም። በትራቸውን አንሥተው በመጡበት ተመለሱ። እኔ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ለካ ያ ሁሉ ብርቱካን ለእርቅ ወረቀት ኖሯል!

የቀጠሮው ቀን በምርኩዝ እያነከስኩ ሞጣ መድን ቢሮ ገባሁ። የኔሰው ከአጎቱ ጎን ተቀምጧል። አላየሁትም፤ ማለቴ እንዳላየሁት ሆንኩ። ሠራተኛው እኔን አስቀደመ።

«ከአሽከርካሪው ጋር ዝምድና ወይም ሌላ ግንኙነት አለዎት?»

«የለኝም» አልኩ። «እንዲኖረኝም አልፈልግም።»

የኔሰው አንገቱን ደፋ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ መሐል ላይ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጣሁ። ቀጥሎ እሱ ተጠየቀ። አጎቱ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ምርኩዜን ጨበጥኩ።

«እሷ በመስመሯ ነበረች» አለ የኔሰው። «መታጠፊያውን ላሳጥር ብዬ መስመሬን የለቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«ያስቡበት» አለ ሠራተኛው። «ይህን ከፈረሙ መንጃ ፈቃድዎ ይታገዳል። ክስም ሊኖር ይችላል።»

«አስቤበታለሁ። የት ላይ ነው የምፈርመው?»

አጎቱ መዳፉን ዘረጋ። የኔሰው የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አስረከበው።

ደጅ ላይ ደረስኩበት። በምርኩዝ እንዲያ ፈጥኜ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ሽማግሌ ልከህ ካሳዬን ልታስቀር አልነበረም? ዛሬ ምን ነካህ?»

«ለካሳሽ ነው የላክኋቸው ያለሽ ማነው?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

አየኝ። ዱካዋ ላይ ሆኖ ሲሸሽ የኖረው ዓይኑ ዛሬ አልሸሸም።

«ሽማግሌ የሚላከው ለእርቅ ብቻ ነው እንዴ፣ የትናየት?»

ምርኩዜ ከእጄ ወደቀ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲያነሣልኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ያን እሑድ ቁጭ በሉ ብሏቸው ቢሆን እኔ ዛሬ እጮኛው ነበርኩ። «ዝምድና አለዎት?» ሲባል ምን ልል ነበር? ተመሳጥረዋል ብለው ፋይሌን ይዘጉት ነበር። ስነግረው ሁለታችንም ሳቅን። ወዲያው ደግሞ የቢሮውን መስኮት አየንና ተራራቅን።

«እንግዲህ እስኪያልቅ አንተዋወቅም» አለ። «አልመጣም፣ አልደውልም።»

«እስከ መቼ?»

«ሞተርሽን በዚያ እግር ረግጠሽ እስክታስነሺ። ያን ቀን ደውይልኝ።»

ለአባቴም አልነገርኩት፤ ደስ ካለው አፉ አያርፍም። የመጠበቅን ነገር አታንሡብኝ። ዛሬ ካሳው ተፈቀደ ሲባል፣ ነገ ወረቀት ጎደለ ይባላል። የኔሰው መንጃ ፈቃዱ ታግዶ፣ ሞጣ በሚገኘው በአብዱልሐኪም ጋራዥ ዘይት ውስጥ ተነክሮ እንደሚውል ሰማሁ። ደግሞ ከየጁቤ ከተማ ሚስት ሊያመጡለት ነው የሚል ወሬ መጣና ስልኩን አንሥቼ ቁጥሩን ጀመርኩ፤ መልሼ አጠፋሁት። ብደውልና ቢታወቅስ? ባልደውልና ቢያገባስ?

ካሳው ወጣ። ባሕር ዳር አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ ቀና። ገና በምርኩዝ ሳለሁ፣ ከአደጋው ወዲህ ሞጣ የቀረው ሞተሬ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ መጣ፤ ተጠግኗል። መልእክት የሚባል ነገር የለውም። የማስነሻው መርገጫ ብቻ እግር እንዳይጎዳ በወፍራም ጎማ ተጠቅልሏል። ሚስት የሚያመጡለት ሰው ጎማ አይጠቀልልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ምርኩዜን የጣልኩ ሰሞን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞተሩን ግቢ መሐል አቆምኩት። አባቴ አጠገቤ ቆመ። ረገጥኩ። ሕመሙ እስከ ወገቤ ወጣ፤ ሞተሩ ዝም። ደገምኩ። እንደ ማሳል ብሎ ጠፋ።

«ተይው ልጄ፣ ወንድ ይርገጥልሽ።»

«አይሆንም፣ አባባ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ባለኝ ኃይል ረገጥኩ። ሞተሩ ተነሣ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ፣ አባቴ «ስምህ ይመስገን!» አለ፣ እኔ ደወልኩ።

«ሃሎ?» አለ የኔሰው።

 ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት፤ መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። 

«ሰማሁ» አለ። ያለቅስ ነበር። «የፊታችን እሑድ ይመጣሉ።»

ስልኩን ስዘጋ አባቴ እያየኝ ነው። «ማነው?»

«አባባ፣ ያን ጊዜ እርስዎ የመለሷቸው ሽማግሌዎች ለእግሬ አልነበረም የመጡት።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ እግሬን፣ አንዴ የማስነሻው መርገጫ ላይ ያለውን ጎማ አየ። ነገሩ ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ወይኔ! መሪጌታን የሚያህል ሰው አቁሜ መለስኩ?»

ወደ ቤት ገባ። ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ብቻውን ተሸክሞ ወጣና ልክ በሩ ጋ አስቀመጠው፤ አቧራውንም በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እሑድ ሊደርስ ገና ብዙ ቀን ነበረው።