አንድ ጊዜ ወደኋላ

ኮምፒውተሩ ማረጋገጫ ሲጠይቃት ሀይማኖት «ይጥፋ እንጂ» አለችውና ተጫነችው። «ዘፈን» የሚለው ፎልደር እንዳለ ድርግም አለ።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቢቸና ውስጥ ጾም ሲገባ ጆሮም ይጾማል፤ ከየሚሞሪው ዘፈን ይጠፋል፣ መዝሙር ይጫናል። የዘጠነኛ ክፍሏ ሀይማኖት ደግሞ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። የሞጣዋ አክስቷ እትዬ አስቻለች ትንሿን ኤምፒስሪያቸውን በሚኒባስ ሹፌር እጅ የላኩላት ለዚሁ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝሙር ስትለቅም፣ የተደጋገመውን ስታወጣ፣ ድምፁ የሚቆራረጠውን ስትጥል ከረመች። አክስቷ ማንበብ ስለማይችሉ ስም መጻፉ አይጠቅማቸውም፤ ስለዚህ የጠዋቱን ፊት፣ የማታውን ኋላ አድርጋ ደረደረችላቸው። እውነት ለመናገር ኮርታ ነበር።

ገና መዝሙሩን ሳትጭን ስልኳ ጠራ። እትዬ አስቻለች ነበሩ። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ እናቷ ወገብ ጠያይቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዘፈኑን ታጥፋው፣ የስጦታውን ግን እንዳትነካባቸው። ስጦታው አምና ያረፉት ባለቤታቸው ናቸው። ጤፍ ሲያበራዩ፣ በሬዎቹን በስም እየጠሩ ሲያንጎራጉሩ የጎረቤት ልጅ በስልኩ ቀርጿቸው ነበር።

«ሌላ ቦታ የለም፤ ልጁም ስልኩን ሸጦታል» አሉ። «እኔ ከፍቼ አንድ ጊዜ ወደኋላ ስጫን አገኘዋለሁ። እሱን ሳልሰማ አልተኛም፣ ልጄ።»

ሀይማኖት «እሺ፣ እትዬ» አለች። ሌላ ምን እንዳለች አታስታውስም። ስልኩን ዘግታ ኤምፒስሪውን ብታስስ የጋሼ ስጦታው ድምፅ የለም፤ ከ«ዘፈን» ፎልደሩ ጋር አብሮ ጠፍቷል።

ኮምፒውተሩ ያለው እነ እዮብ ሙዚቃ ቤት ነው፤ እዮብ የክፍሏ ልጅ ነው። እሱም ቢፈልግ አጣው። ምንም ካልተጫነበት፣ ባሕር ዳር የጠፋ ፋይል ለመመለስ የሚሞክር ሰው እንዳለ ነገራት፤ መመለሱ ግን እርግጠኛ አይደለም። መዝሙሩ ከገባበት ደግሞ የጠፋው ላይ ይጻፍበታል፤ ያኔ አለቀ።

ከዚያ ወደ በሩ አየና «ስሚ፣ አታካብጂ» አላት። «መዝሙሩን ጫኚበትና ሚሞሪው በላው በያቸው። ሚሞሪ ስንቱን ይበላ የለ? ፋዘርም ለደንበኛ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ቀላል ነበር። ሁለት መቶ አሥር መዝሙር ተደርድሮ ይጠብቃል። አክስቷም ይመርቋታል። እጇ ማውሱ ላይ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ኤምፒስሪውን ነቀለችና ባዶውን ኪሷ ከተተችው። እዮብ «ጀዝባ» ብሎ ሰደባት፤ የባሕር ዳሩን ሰውዬ ስልክ ቁጥር ግን በወረቀት ጻፈላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሞጣ ወረደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር፤ ከመናኸሪያው አክስቷ ቤት እስክትደርስ አንዱም አልቀረላትም። እትዬ አስቻለች ግራና ቀኝ ጉንጯን ስመው ኤምፒስሪውን ከእጇ ተቀበሏት። ስለ መዝሙሩ አንድም ነገር አልጠየቁም። ማዳመጫውን በነጠላቸው ሥር አሳልፈው ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። አውራ ጣታቸው ሳያዩት ወደ ግራዋ ቁልፍ ሄደ፤ ፊታቸው ገና ሳይሰሙ ፈክቷል።

ሀይማኖት ሮጣ ብትወጣ በወደደች። «ሚሞሪው በላው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሁንም አልረፈደም። የአክስቷን እጅ ያዘች።

«እትዬ፣ አይጫኑት» አለች። «የጋሼ ስጦታውን ድምፅ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እትዬ አስቻለች ማዳመጫውን ከጆሯቸው አላወጡም። ጣታቸው ቁልፏ ላይ እንዳለ ቀረ። ሀይማኖትም እጃቸውን አልለቀቀችም።