ሊስቤት ያለችው

«ምነው ዝም አልሽ? ምን አለች?» ሽታዬ የወለላን ክንድ ጨመቅ አደረገችው።

ከፊታቸው የቆመችው ስዊድናዊት ተዋናይ ሊስቤት ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። የፊልም ቡድኑ ጎንደር ከገባ ጀምሮ ከተማው ሁሉ እሷን ለማየት ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል፤ የጠቅላይ ግዛቱ ወታደሮች ሕዝቡን ከአጥሩ ያርቃሉ። ቡድኑ አስተርጓሚ አንሶት ነበርና መምህሯ በእንግሊዝኛ የምትጎብዘውን ወለላን ላካት። ሽታዬም ጓደኛዋን ተከትላ መጣች።

ሊስቤት ያለችው ግልጽ ነበር። «ይቺ ረጅሟ ልጅ እንዴት ቀጥ ብላ እንደምትሄድ አየሽ? ነገ ጠዋት በፊልሙ ውስጥ አብራኝ ትሂድ።»

ወለላ ግን ጣሊያን ትቶት በሄደው ሲኒማ ቤት ሸራ ላይ የራሷን ፊት ለማየት ስትመኝ ነበር የሰነበተችው። «በጣም ረጅም ናት አለች» አለቻት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «አጠር ያለች ልጅ ነው የምትፈልገው።»

የሽታዬ ፊት ተለወጠ። ክፍል ውስጥ ወንዶቹ «ቀውላላ» እያሉ እንደሚያበሽቋት ወለላ ታውቃለች። ስለምታውቅም ነው ያ ቃል አፏ ላይ የመጣላት።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች ሽታዬ ለመሳቅ እየሞከረች። «ዕድሉ ላንቺ ይሁን።»

ወለላ ወደ ሊስቤት ዞራ በእንግሊዝኛ «አባቷ አይፈቅዱላትም» አለች።

«ያንቺስ?»

«የኔ ይፈቅዳል።»

በማግሥቱ ጠዋት ወለላ ለፊልሙ የተሰጣትን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። ያን ያህል የተመኘችው ቀን ደርሶ ደስታው አልመጣ አላት። ውጭ ሰዎቹ ካሜራውን ይተክላሉ። ሊስቤት መስታወት ፊት ፀጉሯን ታበጥራለች። ወለላ ሐሳቧን ለማራቅ ብላ እንዴት ተዋናይ እንደሆነች ጠየቀቻት።

«አባቴ እንጨት ሰንጣቂ ነበር» አለች ሊስቤት ቀስ ብላ። «ስቶክሆልም እንደገባሁ ካሪን ከምትባል ልጅ ጋር ሱቅ ውስጥ ጓንት እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ፎቶ አንሺ መጣ፤ ለመጽሔት የምትሆን ልጅ ፈልጎ ነው። እኔ አፍሬ ተደበቅሁ። ካሪን ጀርባዬን ገፋ አድርጋ ‹እሷን አንሣት፤ ከኔ እሷ ታምራለች› አለችው። ፎቶው ወጣ። ልብስ እየለበስኩ ማሳየት ጀመርኩ፤ ቆይቶ ሮም ሄጄ ፊልም ሠራሁ።»

«ካሪንስ?»

ሊስቤት ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «አሁንም ጓንት ትሸጣለች። ሮም ከገባሁ ወዲህ ሄጄ አልጠየቅኋትም። መጀመሪያ ጊዜ አጣሁ፤ በኋላ አፈርኩ። ሲቆይ ደግሞ ይብሳል።»

«የጓደኛዬ አባት አልከለከሏትም» አለች ወለላ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። እሷንም ዋሸኋት።»

ሊስቤት አየቻት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

«ቤቷ ሩቅ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ፀሐይዋ ሳትበረታ ጥሪያት።»

ወለላ ጥልፉን ቀሚስ አውልቃ የራሷን ለበሰችና ሮጠች።

ሽታዬ ቦኖው ጋ ነበረች። እንስራዋን ሞልታለች። ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር ለመስተካከል የፈለገች ይመስል ትከሻዋን ሰብራ፣ አንገቷን ቀብራ ቆማለች። ወለላ እንዲህ ቆማ አይታት አታውቅም።

«ፊልሙ አለቀ እንዴ?» አለች ሽታዬ። «ሸጋ ነበር?»

ወለላ ሴቶቹ እየሰሙ ተናገረች። «ረጅም ናት አላለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ‹እንዴት ቀጥ ብላ እንደምትሄድ አየሽ› ነው ያለችው። የመረጠችው አንቺን ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ «ወይ ጉድ!» አለች።

የሽታዬ ዓይን እንባ አቀረረ። «ምነው ወለላ? ምን አድርጌሽ?»

«ምንም። ቀናሁብሽ።» ወለላ እጇን ወደ መዋኛው ዘረጋች። «አሁን እየጠበቀችሽ ነው፤ ሂጂ።»

«ውሃውስ? እማዬ ትጠብቀኛለች።»

«እኔ አደርሰዋለሁ።»

ሽታዬ እንስራውን አሳዘለቻትና ቁልቁል ወረደች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ወለላም ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረት አላገኘችም።

ዳገቱን ስትጨርስ የሽታዬ እናት እትዬ አመለወርቅ ደጃፍ ቆመው መንገዱን እያዩ ነበር።

«ምነው ወለላ፣ አንቺ ተሸክመሽ? ልጄ የት ቀረች?»

«ፈረንጆቹ ጠርተዋት ሄደች» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። ውሸትም አይሆንም። ወለላ እንስራውን ቀስ ብላ አወረደችና ላቧን ጠረገች።

«ይቀመጡ እትዬ» አለች። «ከትናንቱ ልጀምርልዎ።»