ስድስት ቀፎ በእንጦጦ ዳገት

«የሩፋይዳ ማኪና ፖምፓዋ አልቋል፤ እንጦጦን አትወጣም።»

ኑሕ ይህን ወሬ በሽሮ ሜዳ የጭነት ማኪኖች ተራ ላይ ሲያመላልሰው ከረመ። ሰኞ ዕለት «አትወጣም» ብቻ ነበር። ረቡዕ «ሞክራ ከግማሽ ተመለሰች» ሆነ። ዓርብ ደግሞ ማኪናዋ በአህያ ተጎትታ ስትወርድ በዓይኔ አየሁ የሚል ምስክር ተገኘ፤ ምስክሩም ራሱ ኑሕ ነበር።

ሩፋይዳ ግን ማኪናዋን ታውቃታለች። መካኒክነትን ማንም አላስተማራትም፤ ጋራዥ በር ላይ ቆማ እያየች፣ «ሂጂ ወደ ቤትሽ» ሲሏት እየሄደችና በማግስቱ እየመጣች ነው የለቀመችው። ማኪናዋን የሚያስላት ፖምፓው ሳይሆን የቆሸሸ የናፍጣ ማጣሪያ፣ ፊልትሮ ነው። አዲሱን ገዝታ ከወንበሩ ሥር ካስቀመጠችው አምስት ቀን ሆኖታል። አልቀየረችውም። ተራው ላይ ኮፈን ከከፈተች ኑሕ «አላልኳችሁም?» ሊል ነው። ያንን ከመስማት ማኪናዋ ስትስል ብትከርም ይሻላል አለች።

ትዕቢት ዳገት ላይ ያስጠይቃል።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ ቀጨኔ ከንብ አርቢዋ ከእትዬ ባዩሽ ጓሮ ስድስት ቀፎ ጫነች። ንብ የሚጓጓዘው በብርድ፣ የቀፎው አፍ በጨርቅና በእበት ተደፍኖ ነው። ፀሐይ ከበረታችበት እዚያው ታፍኖ ያልቃል። መመለስ ደግሞ የለም፤ ጎረቤቶች «ዛሬ ካልወጡልን በእሳት ነው የምንጨርሳቸው» ብለው ዝተዋል። መድረሻቸው ከእንጦጦ ማዶ፣ ቦና የሚባለው የእትዬ ባዩሽ ወንድም ማሳ ነው።

«ፀሐይ ሳትቀድመን እንደርሳለን?» አሉ እትዬ ባዩሽ ጋቢና እየገቡ።

«እሷ ትጠብቀን» አለች ሩፋይዳ፤ ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን አዞረች።

ዝናቡ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያዛቸው። ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ቁልቁል ወረደ፤ ጭጋጉ ባሕር ዛፉን ከነግንዱ ዋጠው። ከኋላ አንድ ነጭ ፒክአፕ ጥሩምባውን እያስጮኸ ደረሰባቸውና ጭቃ ረጭቶባቸው አለፈ። ኑሕ ነው፤ ከማዶ አጣና ሊጭን ባዶውን ይሮጣል።

እንጦጦ ማርያምን አልፋ አስፋልቱን ለቀቀች። ጥርጊያው መንገድ ተጠማዝዞ ሽቅብ በሚወጣበት ቦታ ማኪናዋ ሳለች፤ ተንተባተበች፤ ጸጥ አለች። ወዲያው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑ ያዘ፤ ጭቃው ግን አልያዘም።

«ድንጋይ!» ስትል ጮኸች ሩፋይዳ።

እትዬ ባዩሽ በስልሳ ዓመታቸው ዘለው ወረዱ፤ ጭን የሚያህል ድንጋይ አቅፈው ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቁ። ማኪናዋ ከገደሉ አፍ ሁለት ክንድ ሲቀራት ቆመች። ቀፎዎቹ ውስጥ የሆነ ነገር ተቆጥቶ ማጉረምረም ያዘ።

ዝናቡ አባራ። ሌላ ቀን ቢሆን አልሐምዱሊላህ ትል ነበር። አሁን በዛፎቹ ጫፍ ቢጫ ብርሃን ሲፈነጥቅ ስታይ ፈጥና ከጋቢናው ወረደች።

ኮፈኑን ከፈተች። አሮጌው ፊልትሮ በእጇ ብታዞረው፣ በጨርቅ ጨብጣ ብትጠመዝዘው ወይ ፍንክች። ካቻቪቴ አነሣች። በድንጋይ እየመታች የፊልትሮውን ሆድ ከጎን ወደ ጎን በሳችው፤ ካቻቪቴውንም እንደ እጀታ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ጮኸ፤ ዞረ፤ ወለቀ። ናፍጣው እስከ ክርኗ አራሳት። ጣሳ ላይ ስትገለብጠው ከናፍጣው ይልቅ ውሃው በዛ።

«ሐሙስ ነዳጅ ሲጠፋ ተራው በሙሉ ከአንድ በርሜል የቀዳነው!» አለች። «ናፍጣ ብለው ውሃ ነው የሸጡልን።»

«ልጄ» አሉ እትዬ ባዩሽ በቀስታ፤ «አትወራጪ።»

መንገጫገጩ የአንዱን ቀፎ መድፈኛ አላልቶታል። ንቦች አንድ፣ ሦስት፣ አሥር እየሆኑ ወጡ። እትዬ ባዩሽ ነጠላቸውን አጥፈው ቀዳዳውን ሊወትፉ ጭነቱ ላይ ወጡ።

«አንዷን ከመታሽ ሌሎቹን ትጠራለች። ዝም በያቸው።»

«ዝም ማለት አልችልበትም።»

«ዛሬ ትችይበታለሽ።»

የመጀመሪያዋ አንገቷን ነደፈቻት። ሁለተኛዋ የዓይኗን ቆብ። ሩፋይዳ ጥርሷን ነከሰች እንጂ እጇን አላነሣችም። አዲሱን ፊልትሮ አውጥታ የጎማ ቀለበቱን ናፍጣ ስትቀባ፣ ከመታጠፊያው በላይ ኑሕ እጁን ኪሱ ከትቶ በእግሩ መጣ። ንቦቹን ሲያይ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

«ፖምፓዋ አልቋል አላልኩም?»

«ፖምፓዬ ካንተ አፍ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«ስሚ፣ እመቤት መካኒክ። ማኪናዬ ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሜዋለሁ። ያንን ፊልትሮ ስጪኝና ቀፎዎቹን እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

«ፊልትሮው ምን ያደርግልሃል?»

«ምን ገደደሽ! አንቺ እንደሆነ ስታስገቢው ታበላሺዋለሽ።»

እትዬ ባዩሽ ጆሯቸውን ቀፎ ላይ ለጥፈው ነበር። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። «እየሞቃቸው ነው፣ ልጄ። የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ ነው። እንስጠው ይሆን?»

ሩፋይዳ ከሞተሩ ቀና አለች። ሴትዮዋን አየች፤ ፀሐይዋን አየች።

«አሥር ደቂቃ ይስጡኝ፣ እትዬ። ካልተነሣች ፊልትሮውን እሰጠዋለሁ፤ ቀፎዎቹንም በትከሻዬ ተሸክሜ እጭንለታለሁ። ወላሂ!»

ፊልትሮውን አስገብታ እስኪጠብቅ አዞረችው። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው፤ የናፍጣ ሞተር አየር ከዋጠ አይነሣም። ማስተንፈሻ ብሎኑን አላላችና ከላዩ ያለችውን ትንሽ የእጅ ፖምፓ በአውራ ጣቷ ትጫናት ጀመር። ሃያ። ሠላሳ። ከብሎኑ ሥር አረፋ ተንጫጫ። ንቦች የእጇ ጀርባ ላይ ሰፈሩ። አንዷ ነደፈቻት፤ አውራ ጣቷ አላቆመም። ሰማንያ። ግራ ዓይኗ አብጦ ተከደነ፤ በቀኙ አረፋው ላይ አፈጠጠች።

«ጨርስና ዝም በል!» አለችው አረፋውን።

መቶ ሃያ ላይ አረፋው ጠፍቶ ናፍጣው ጥርት ብሎ ወረደ። ብሎኑን አጠበቀች።

«ዘጠኝ ደቂቃ ሆነሽ!» ሲል ጮኸ ኑሕ።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አጓርቶ ተወው። ደገመች። ተወው። በሦስተኛው አስነጠሰ፤ ነጭ ጭስ ተፋ፤ አገሣ። እትዬ ባዩሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ንቦቹ ትዝ ሲሏቸው መልሰው ዘጉት።

በኑሕ አጠገብ ስታልፍ ሩፋይዳ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ሺህ ቃል ነበራት። አንዱንም አላወጣችም፤ ባልተዘጋው ዓይኗ ብቻ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከስድቧ ሁሉ ይህ እንደባሰው ፊቱ ነገራት። መታጠፊያው ላይ የቆመችውን ነጭ ፒክአፕ አልፋ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ቦና ማሳው ዳር ይጠብቃቸው ነበር። ቀፎዎቹን ተሸክመው ጥላ ሥር ደረደሩና አፋቸውን ከፈቱ። የአምስቱ ንቦች ወዲያው ተንጋግተው ወጡ። ስድስተኛው ዝም አለ። እትዬ ባዩሽ ተንበርክከው ቀፎውን በመዳፋቸው ደባበሱት። አንዲት ንብ እየተሳበች ብቅ አለች፤ ክንፏን አራገፈች። ከኋላዋ ሌሎቹ እንደ ጅረት ፈሰሱ።

ያን ጊዜ የቦና ጎረቤት ጉዲና መጥረቢያውን ተሸክሞ ከእንጦጦ በኩል መጣ። የሩፋይዳን ፊት ሲያይ ደነገጠ።

«ምን አገኘሽ፣ እህቴ? ንብ ነው?»

«አይ፤ ፊልትሮ ስቀይር ነው።»

«እናንተስ ደረሳችሁ» አለ ጉዲና ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ። «የሚያሳዝነው መታጠፊያው ላይ ያለው ባለ ነጭ ፒክአፕ ነው። እንግፋልህ ስንለው ‹አየር እየተቀበልኩ ነው› ብሎ መለሰን እንጂ፣ ገና እናንተ እዚያ ሳትደርሱ ነው ሞተሩ ቀጥ ያለበት፤ ያፈሰሰውን ናፍጣ አይቼዋለሁ፣ ውሃ ነበር።»